ከጎን ሲያዩት

ሃመርፌስት ላይ ፀሐይ፥ ኅዳር ሲጋመስ ትሰናበታለች፤
ደኅና ነኝ ሳትል፥ ጥር እስኪጋመስ ጠፍታ ትከርማለች።
የኔ ሱቅ ግን ያኔ ይደራል፤
ስክሪን ሻጭ እንደ ጅብ፥ ሲመሽ ይነጋለታል።

በዚያ ሰሞን ኦድቫር መጣ፥
በረዶውን ከጫማው በር ላይ አራግፎ፤
የመርከብ መካኒክ የነበረ፥ ጡረታ የወጣ፤
ሳሎኑን በሴንቲሜትር፥ በሲጋራ ካርቶን ላይ ጽፎ።

ሦስት ቁራጭ ጨርቅ፥ ከመሳቢያ አውጥቼ ዘረጋሁለት፤
ሙያዬን ላሳየው፥ ጫፍ ጫፉን ፈተግሁለት።

«ይኼ ግራጫው፥ ጥቁሩን ጥቁር ያደርጋል፤
የመንገድ መብራት በመጋረጃ ቢሾልክ፥ ይታገሣል።
ይኼ በስሱ የተበሳው፥ ድምፅ ያሳልፋል፤
ስፒከሩን ከኋላው ብታቆም፥ ቃሉ ከተናጋሪው አፍ ይወጣል።
የሚያብረቀርቀው ደግሞ፥ ብርሃን ይወልዳል፤
አንድ ሰጥተኸው፥ አንድ ተኩል ይመልሳል።
ደግነቱ ግን፥ ፊት ለፊት ለተቀመጠ ነው ሀብቱ፤
ከጎን ላየው ሰው፥ ይጠቁራል ፊቱ።»

ዝም ብሎ ቆየ። ጨርቁን ባውራ ጣቱ እያሻሸ።
«ሚስቴ ከጎን ነው የምታይ» አለኝ።
«ወንበሯን ማዞር ነዋ!» አልሁት። ሳቀብኝ።
«ወንበሯን አይደለም፤ ዓይኗን ነው የምልህ።
መሐል መሐሉ ጠፍቶባታል፥ የቀራት ዳር ዳሩ ነው።
እኔን ማየት ስትሻ፥ ወደ ማቀዝቀዣው ትዞራለች፤
ማቀዝቀዣውን ትክ ብላ እያየች፥
‹ጺምህን ተላጭ› ትለኛለች።»

ሃያ ዓመት ሙሉ፥ ኢንች ከማዕዘን ስደምር ስቀንስ፥
እንዲህ ያለ ልኬት፥ የለም በካታሎጌ።
ወረድሁ ምድር ቤት።
ማንም የማይጠይቀኝን ተራውን ነጭ አወጣሁለት፤
የማይወልድ፥ የማይሰስት፥
የተሰጠውን ለግራም ለቀኝም እኩል የሚያድል፤
ዋጋውም ከሁሉ የሚቀል።

«ትልቁን» አለኝ። «ከግድግዳ ግድግዳ የሚያክል።»
«ሸራው ሲሰፋ፥ ብርሃኑ ይሳሳል» አልሁት፥ ባለሙያ ነኝና።
«ይሳሳ» አለ። «የጎደላት ቦታ ነው፥ ብርሃን አይደለምና።»

ስንሰቅለው ቶርቢዮርግ ሹራብ ትሠራለች፤
ጣቷ ክሩ ላይ፥ ዓይኗ ጣሪያው ላይ፤
«በስተቀኝ ዘመም ብሏል» አለች።
ውሃ ልኬን ባስጠጋው፥ እውነቷን። በሁለት ሚሊ።

ከዚያ የጥገናውን ነገር፥ ለኦድቫር እደረድር ጀመር፦
«ማጣሪያውን በየሦስት ወሩ። ሌንሱን በእጅጌህ አትንካ።
ስታጠፋውም፥ ማራገቢያው ሳይቆም ሶኬቱን አትንቀል...»
«ልጄ» አለኝ፥ «ይኼማ ሞተር ነው፤
ትኩስ ሞተር፥ ትንፋሹን ይሰበስብ ዘንድ ጊዜ ይሰጠዋል።
ይህን የማያውቅ መካኒክ፥ ባሕር ላይ ያድራል።»

በመጋቢት ተመለሰ፥ ፌስታል አንጠልጥሎ፤
ማጣሪያው ነው፥ በሰማያዊ የሱፍ ብናኝ ተጠቅጥቆ፥ ጢም ብሎ።
«መኪናው ሹራብ ለብሷል» አለና ጠረጴዛዬ ላይ ጣለው።
«አምፖሉን ያቃጥልብሃል፤ ሹራቡን ሌላ ክፍል ብትሠራው?»
እንደ ሞኝ አየኝ።
«ማጣሪያ ስጠኝ። ስድስት።»

አሁን ሰኔ ነው። ፀሐይዋ፥ ገብታ የማታውቅ ይመስል፥
በእኩለ ሌሊት መስታወቴን ታንኳኳለች፤ ገበያ የለም።
ትናንት በደጃቸው ሳልፍ፥ መስኮቱ ወለል ብሏል፤
ፕሮጀክተሩ ጠፍቷል፤
ያን የሚያህል ነጭ ላይ፥
የወደቡ ወፎች ጥላቸው ይመላለሳል።
እሱ ፊት ለፊቱ ተቀምጧል፥ ጺሙን ተላጭቶ፤
እሷ ወደ ማቀዝቀዣው ዞራለች፤
ሁለቱም፥ ያንኑ ያያሉ።

ቤቴ ገባሁ። ወደ ግድግዳ ዞሬ፥
የራሴን ስክሪን በዓይኔ ጠርዝ ለማየት ሞከርሁ፤
አንገቴን አመመኝ፥ ሌላ የተረፈኝ የለም።
በዚያው መሰላል አምጥቼ ማጣሪያዬን ስፈታው፥
ለካ ካጸዳሁት፥ ሁለት ዓመት አልፎታል።